አሳዳጅና ተሳዳጅ በሒሳብ ሚዛን

የማሳደድና የማምለጥ እንቆቅልሽ በመባል የሚታወቀው የሒሳብ ዘርፍ፣ አንዱ ወገን ሌላውን ለመያዝ፣ ሌላው ደግሞ ላለመያዝ ሲንቀሳቀሱ፣ ሁለቱም አንዳች ስሕተት ሳይሠሩ የሚቻላቸውን ሁሉ ቢያደርጉ መጨረሻው ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ፈጣኑ ይይዛል፣ ዘገምተኛው ይያዛል፣ ፍጥነታቸው እኩል ከሆነ ደግሞ ማባረሩ ከንቱ ድካም ነው በሚል መልስ የሚያልቅ ይመስላል። ሆኖም ወደ ሦስት መቶ ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ላይ የተመራመሩ ሊቃውንት የደረሱበት ውጤት ሲመዘን፣ ከፍጥነት ይልቅ የቦታው ቅርጽ፣ እያንዳንዱ ወገን ስለ ባላጋራው የሚያውቀው ነገር፣ በተለይም አሳዳጁ ተሳዳጁ አሁን ወዳለበት ስፍራ ከመሮጥ ፈንታ ነገ ሊደርስበት የሚችለውን ስፍራ አስቀድሞ መዝጋት መቻሉ የሚወስነው ሆኖ ይገኛል።

ከቀደምቶቹ ጽሑፎች አንዱን ያቀረበው ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌር ነው። ቡጌር በኋላ የመሬትን ቅርጽ ለመለካት ወደ ደቡብ አሜሪካ ከተላኩት ሊቃውንት እንደ አንዱ ይበልጥ ይታወቃል፤ ከዚያ ጉዞ በፊት ግን በ1732 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት የንግድ መርከብ የባሕር ወንበዴዎች ሲያሳድዷት የወንበዴዎቹ መርከብ በውኃው ላይ ምን ዓይነት መንገድ እንደሚሠራ መርምሯል። የንግድ መርከቧ አቅጣጫዋን ሳትለውጥ ቀጥ ብላ ትጓዛለች፤ ወንበዴዎቹ ደግሞ በእያንዳንዱ ቅጽበት የመርከባቸውን ፊት በትክክል ወደ እርሷ ያዞራሉ። መርከቧ ወደፊት በተንቀሳቀሰች ቁጥር የወንበዴዎቹም አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚዞር፣ መንገዳቸው ቀጥ ያለ መሆኑ ይቀርና ጎብጦ በመጨረሻ ከመርከቧ ኋላ ይገባል። ይህ የጎበጠ መስመር የማሳደድ ጥምዝ ይባላል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት፣ የንግድ መርከቧ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ትጓዛለች፣ ወንበዴዎቹም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፣ በመጀመሪያ ላይም በትክክል ከምዕራብ በኩል በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛሉ ይባል። የጥምዙ ቀመር እንደሚያሳየው ወንበዴዎቹ ዓይናቸውን ከመርከቧ ሳይነቅሉ ቢከተሏት፣ እርሷ 20 ኪሎ ሜትር፣ እነርሱ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ፣ ማለትም ልክ በሁለት ሰዓት ይደርሱባታል። ፍጥነታቸው እኩል ቢሆን ኖሮ ግን ከቶ አይደርሱባትም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት እየጠበበ ሄዶ ወደ መነሻው ግማሽ፣ ማለትም ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይጠጋል እንጂ ከዚያ በታች አይወርድም።

አሁን ደግሞ የወንበዴዎቹ አለቃ መርከቧን መከተሉን ትቶ፣ ፊቱን ከእርሷ 30 ዲግሪ ወደ ሰሜን አዙሮ ያለ ምንም ለውጥ ቀጥ ብሎ ቢጓዝ ምን እንደሚሆን ይታይ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሚጓዘው ፍጥነቱ ግማሹ፣ ማለትም 10 ኪሎ ሜትሩ፣ ወደ ሰሜን ስለሚውል ከንግድ መርከቧ ጋር እኩል ወደ ሰሜን ይራመዳል፤ የቀረው ኃይሉ ደግሞ በመካከላቸው ያለውን የምሥራቅና የምዕራብ ርቀት በሰዓት 17.3 ኪሎ ሜትር ያህል ያጠብባል። በዚህ መንገድ ከ1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ በኋላ ይገናኛሉ፣ የወንበዴዎቹም ጉዞ ከ35 ኪሎ ሜትር ያንሳል። መርከቡ ያው፣ ፍጥነቱም ያው ሲሆን፣ 16 ደቂቃ የተገኘው ዒላማውን በዓይን ከመከተል ወደሚገናኙበት ነጥብ መሄድ ስለተመረጠ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ጉዞ ላይ ወንበዴዎቹ ቢመለከቱ የንግድ መርከቧ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሁልጊዜ በትክክል በምሥራቅ ትታያቸዋለች፤ እየቀረበች ትሄዳለች እንጂ አቅጣጫዋ አይለወጥም። መርከበኞች ይህን ምልክት ለተቃራኒው ዓላማ፣ ማለትም ግጭትን ለማስወገድ ይጠቀሙበታል፤ እየተቃረበ ያለ መርከብ በኮምፓስ ሲለካ አቅጣጫው ጉልህ ለውጥ ካላሳየ የመጋጨት አደጋ እንዳለ እንዲቆጠር የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ያዛል። ሚሳኤሎች የሚመሩበት ዋነኛ ስልትም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ ሚሳኤሉ ዒላማው የሚታይበት አቅጣጫ መዞር ሲጀምር፣ የዙረቱን ፍጥነት በተወሰነ ቁጥር አባዝቶ የራሱን መንገድ ያዞራል። በ2017 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፔሪግሪን በተሰኘው የጭልፊት ዝርያ ላይ አነስተኛ ካሜራና የጂፒኤስ መሣሪያ አስረው ባደረጉት ጥናት፣ ወፉ ወደ አደኑ ሲወረወር የሚከተለው መንገድ በዚሁ የሚሳኤል ሕግ ሊገለጽ እንደሚችል አሳይተዋል። ጭልፊቱ ሒሳቡን ከማንም ሳይማር መሐንዲሶቹ ከደረሱበት መድረሱ፣ ሕጉ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ተሳዳጁ ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይልቅ ማሰብ ሲጀምር ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የክብ ሐይቁ እንቆቅልሽ ነው። አንድ ሰው በክብ ሐይቅ መካከል በጀልባ ላይ ይገኛል፤ በዳርቻው ላይ ደግሞ መዋኘት የማይችል ጠባቂ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጠባቂው በየብስ የሚሮጠው ጀልባዋ ከምትሄደው አራት እጥፍ ፈጥኖ ነው፤ ሰውየው ግን ጠባቂው ሳይደርስ እግሩ መሬት ከረገጠ ያመልጣል። ከመሐል እስከ ዳር ያለው ርቀት፣ ማለትም የሐይቁ ሬዲየስ፣ 400 ሜትር ቢሆን፣ ሰውየው ከመካከል ተነሥቶ ከጠባቂው በተቃራኒ ወዳለው ዳርቻ በቀጥታ ቢቀዝፍ አይሳካለትም፤ እርሱ 400 ሜትር ሲጓዝ ጠባቂው 1,600 ሜትር መሮጥ ይችላል፣ የሐይቁ ግማሽ ዙሪያ ግን 1,257 ሜትር ብቻ ነው።

መፍትሔው ሐይቁ ውስጥ የተሰወረ አንድ ትንሽ ክብ በማስተዋል ይገኛል። ከመካከሉ 100 ሜትር ርቆ በሚዞር ክብ ላይ አንድ ሙሉ ዙር የሚፈጀው ጉዞ ከሐይቁ ዙሪያ አንድ አራተኛ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ የምትዞር ጀልባ ከጠባቂው ጋር እኩል ዙሩን ትጨርሳለች፤ ከዚያ ትንሽ ገባ ባለ ክብ ላይ ከዞረች ደግሞ በሜትር ሲለካ ብትዘገይም በዙር ትቀድመዋለች። ስለዚህ ሰውየው በዚህ ክብ ውስጥ እየዞረ ጠባቂውን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ያስቀረዋል፣ በመጨረሻም ጠባቂው በትክክል ከመካከሉ ባሻገር፣ በተቃራኒው ወገን የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ሰውየው ክቡን ለቅቆ በቀጥታ ወደ ዳርቻው ይቀዝፋል፤ የቀረው መንገድ ከ300 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠባቂው ሊሮጥ የሚችለው 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን የሚጠበቅበት ግን 1,257 ሜትር ነው። ሰውየው በሃምሳ ሜትር ገደማ ብልጫ ያመልጣል። ክቡን ሲለቅ በቀጥታ ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ የትንሿን ክብ ጠርዝ ታክኮ በሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ቢወጣ ደግሞ፣ ጠባቂው እስከ 4.6 እጥፍ ያህል ቢፈጥነውም ማምለጥ ይቻለዋል፤ ከዚያ ካለፈ ጠባቂው ያሸንፋል።

የዘርፉ ሁሉ ዕንቁ ሊባል የሚገባው እንቆቅልሽ ግን የአንበሳውና የሰውየው ነው። በ1920ዎቹ ጀርመን ተወላጁ ሪቻርድ ራዶ እንዳመነጨው የሚነገርለት ይህ ጥያቄ፣ አንድ ሰውና አንድ የተራበ አንበሳ መውጫ በሌለው ክብ ሜዳ ውስጥ ቢገቡ፣ ፍጥነታቸው እኩል ቢሆንና ሁለቱም የማይደክሙ ቢሆኑ አንበሳው ራቱን ያገኛል ወይ የሚል ነው። ሰውና አንበሳ እዚህ ላይ እንደ ነጥብ ይቆጠራሉ፤ አንበሳው ያዘ የሚባለው በትክክል ሰውየው ያለበት ነጥብ ላይ ሲደርስ ነው።

ለብዙ ዓመታት መልሱ የታወቀ መስሎ ኖሯል። አንበሳው ከሜዳው መካከል ይነሣና ሁልጊዜ መካከሉን ከሰውየው ጋር በሚያገናኘው መስመር ላይ ሆኖ፣ የተረፈችውን ፍጥነት ወደ ሰውየው ለመቅረብ ያውላታል። ሰውየው በሜዳው ዳር ዳር ቢሮጥ አንበሳው በዚህ ስልት እየቀረበው ሄዶ፣ ሰውየው ልክ የሜዳውን ሩብ ዙር ሲጨርስ ይይዘዋል። የካምብሪጁ ጆን ሊትልዉድ በ1953 ባሳተመው የሒሳብ ወጎች መጽሐፉ እንዳወሳው፣ ብዙዎች በዚህ ማረጋገጫ ረክተው ጉዳዩን ዘግተውት ነበር። የተሸሸገው ጉድለት አንድ ነው፤ ሰውየው ዳር ይዞ መሮጥ አለበት ያለው ማን ነው? የሸሸ ሁሉ ወደ ዳር ይሸሻል የሚለው ግምት ሳይመረመር ወደ ሒሳቡ ሰርጎ ገብቷል።

ጉድለቱን ነቅሶ ያወጣው ሩስያ ውስጥ ተምሮ በካምብሪጅ ያስተማረው አብራም ቤሲኮቪች ነው፤ ያገኘው መልስም ሰውየው ለዘለዓለም ሳይያዝ ሊኖር ይችላል የሚል ነበር። ስልቱ የሚጀምረው ከአንዲት ቀላል የጎነ ሦስት ባሕርይ ነው። ሰውየው ወደ አንበሳው ወይም ከአንበሳው በተቃራኒ ከመሮጥ ይልቅ፣ ሁለቱን ከሚያገናኘው መስመር በ90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ማለትም በቀጤ ነክ አቅጣጫ ለተወሰነ ርቀት ቀጥ ብሎ ይሮጣል። በዚያ ጉዞ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ከሰውየው መነሻ ይልቅ ከአንበሳው መነሻ ይርቃል፤ ምክንያቱም የአንበሳው መንገድ ከ90 ዲግሪው ማዕዘን ፊት ለፊት ያለው የጎነ ሦስቱ ረጅም ጎን ነው። ፍጥነታቸው እኩል ስለሆነ አንበሳው በየትኛውም ነጥብ ላይ ሰውየውን ቀድሞ ወይም እኩል ሊደርስ አይችልም። ያ ጉዞ ሲያልቅ ሰውየው አንበሳው ያለበትን አይቶ እንደገና በ90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል፤ በየጊዜው እየታጠፈ የሚሮጥ ሰው ውሎ አድሮ ከአጥሩ ጋር መጋጨቱ አይቀርምና። ሰውየው ከሁለቱ የቀጤ ነክ አቅጣጫዎች ሁልጊዜ ወደ ሜዳው መካከል የሚያደላውን ከመረጠ፣ በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት ከመካከሉ ያለው ርቀት ካሬ በእያንዳንዱ ጉዞ የሚጨምረው ቢበዛ በጉዞው ርዝመት ካሬ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው፣ ርዝመታቸው ሲደመር ማለቂያ የሌለው፣ የካሬያቸው ድምር ግን ከተወሰነ ቁጥር የማያልፍ የጉዞዎች ተርታ ነው። እንዲህ ያለ ተርታ መኖሩ ለጀማሪ ሰሚ የማይመስል ቢሆንም ከጥንት የታወቀ ነው፤ አንድ፣ አንድ ሁለተኛ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ አራተኛ እያለ የሚወርደው ተርታ ሲደመር ወሰን የለውም፣ ምክንያቱም አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ አብረው ከግማሽ ይበልጣሉ፣ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ ስምንተኛ ያሉት አራቱም አብረው ከግማሽ ይበልጣሉ፣ ቀጥለው የሚመጡት ስምንቱም እንዲሁ፤ ግማሽ ላይ ግማሽ ያለማቋረጥ ይከመራል። የካሬያቸው ድምር ግን ኦይለር በ18ኛው መቶ ዓመት እንዳሳየው የፓይ ካሬ ለስድስት ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር፣ ማለትም ከ1.645 ገደማ አያልፍም።

እንግዲህ የሜዳው ሬዲየስ 100 ሜትር ቢሆንና ሰውየው ከመካከሉ 50 ሜትር ርቆ ቢጀምር፣ በመጀመሪያ 50 ሜትር፣ ቀጥሎ 25፣ ከዚያ 16.7፣ ከዚያ 12.5፣ ከዚያ 10 ሜትር እያለ ሊሮጥ ይችላል። ሒሳቡ ሲሠራ ሰውየው መቼም ቢሆን ከመካከሉ ከ82 ሜትር በላይ አይርቅም፣ አጥሩንም አይነካም፤ የሚሮጠው ጠቅላላ ርቀት ግን ማለቂያ ስለሌለው ሩጫው ማለቂያ የለውም። አንበሳው በበኩሉ የፈለገውን ያህል ሊቀርበው ይችላል፤ አንድ ሜትር፣ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ የፀጉር ውፍረት ያህል። ብቻ አይነካውም።

ይህ ውጤት ሰውየውን እጅግ የሚያጽናና አይደለም። አንበሳው እንደ ነጥብ መቆጠሩ ቀርቶ የክንዱ ርዝመት፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከታሰበለት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንደሚይዘው ተረጋግጧል፤ ሁለት አንበሶች ከገቡም፣ ነጥቦች ቢሆኑም እንኳ፣ ሰውየው ማምለጫ እንደሌለው በ1964 በታተመው የሃላርድ ክሮፍት ጥናት ተገልጿል። የአንዲት ጥያቄ መልስ በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ውል መገለባበጡ ለአንዳንድ አንባቢ የሒሳብ ሊቃውንት ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ይሁንና ማሳደድ የሚሳካው በምን እንደሆነ ለይቶ ያሳየው ይኸው ጥቃቅን ውል ነው።

ዘርፉን ከእንቆቅልሽነት ወደ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ያሸጋገረው አሜሪካዊው ሩፉስ አይዛክስ ነው። አይዛክስ ለአሜሪካ አየር ኃይል ጥናት ያደርግ በነበረው በራንድ ተቋም ሳለ በ1951 የማሳደድ ጨዋታዎችን የሚመለከት ዘገባ አዘጋጀ፣ በ1965ም ዲፈረንሻል ጌምስ የተሰኘውን መጽሐፉን አሳተመ። በጣም የታወቀው ምሳሌው ነፍሰ ገዳዩ ሹፌር የሚባለው ነው፤ ሹፌሩ በሰፊ ሜዳ ላይ አንድን እግረኛ ለመግጨት ያሳድዳል፣ መኪናው እጅግ ፈጣን ቢሆንም ከተወሰነ ክብ በጠበበ መንገድ መታጠፍ አይችልም፣ እግረኛው ደግሞ ዘገምተኛ ቢሆንም ባሻው ቅጽበት ወዳሻው ይዞራል። ስሙ ዘግናኝ ይሁን እንጂ በአይዛክስ ሐሳብ ውስጥ የነበሩት እንደ ሚሳኤልና እንደ ተዋጊ አውሮፕላን ያሉ ነገሮች እንደነበሩ ግልጽ ነው። ከውጤቶቹ አንዱ፣ እግረኛው ከመኪናው ጎን በጣም ተጠግቶ ሲገኝ ሹፌሩ መጀመሪያ ከእርሱ መራቅ፣ በቂ ርቀት ካገኘ በኋላ ተመልሶ መምጣት እንደሚኖርበት ማሳየቱ ነው። ለመያዝ ሲባል መሸሽ ማለት ነው።

በዚሁ መጽሐፍ የቀረበው ሌላው ጥያቄ ሁለቱም ወገኖች የማይተያዩበት ነው። ልዕልቲቱና ጭራቁ በተባለው በዚህ ጨዋታ ሁለቱ ድቅድቅ ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ ይገባሉ፣ ጭራቁም ልዕልቲቱን የሚያገኛት ሲነካት ብቻ ነው፤ በጨለማ የሚደረግ ድብብቆሽ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ የትኛውም ቋሚ ዕቅድ፣ የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን፣ ባላጋራ ከገመተው ይከሽፋል። ሽሙኤል ጋል በ1979 ባቀረበው መፍትሔ የሁለቱም ስልት በዕጣ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ልዕልቲቱ በዕጣ ወደ ወጣላት ስፍራ ሄዳ፣ እጅግ ያላጠረና እጅግ ያልረዘመ ጊዜ ቆይታ፣ እንደገና ዕጣ በማውጣት ሌላ ስፍራ ትይዛለች፣ ጭራቁም ክፍሉን ወደ ቀጫጭን ክፍልፋዮች ከፍሎ በዕጣ የወጣለትን እየመረጠ ይፈትሻል።

ከዚህ ሁሉ ለየት ያለው የምርምር መስመር ሜዳውን በነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያገናኙ መስመሮች ይተካዋል፤ ሊቃውንቱ ግራፍ የሚሉት ይህን ነው። በግራፍ ላይ የሚካሄደው ጨዋታ ስሙ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ሌባና ፖሊስ ሲሆን ደንቡም አጭር ነው። መጀመሪያ ፖሊሶቹ የሚቆሙበትን ነጥብ ይመርጣሉ፣ ቀጥሎ ሌባው የራሱን ይመርጣል፣ ከዚያ ተራ በተራ በአንድ መስመር ወደሚገናኝ ጎረቤት ነጥብ ይሄዳሉ ወይም ባሉበት ይቆያሉ። ሁሉም ሁሉን ያያል። ጥያቄው ሌባውን ለመያዝ ቢያንስ ስንት ፖሊስ ያስፈልጋል የሚል ነው።

መንገዶቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተበታትነው የትም ዞረው የማይገናኙ ከሆነ አንድ ፖሊስ ይበቃል፤ ወደፊት በተራመደ ቁጥር ሌባው ወዳለበት ቅርንጫፍ እየገባ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይዘጋበታል። አራት ወይም ከዚያ በላይ ነጥቦች ባሉት ቀለበት ላይ ግን አንድ ፖሊስ ሌባውን ሲያዞር ይኖራል እንጂ አይይዘውም፤ ሁለት ያስፈልጋሉ። ሪቻርድ ኖዋኮውስኪና ፒተር ዊንክለር በ1983፣ ከእነርሱ ተለይቶም ፈረንሳዊው አላን ኪሊዮ፣ አንድ ፖሊስ የሚበቃቸው ግራፎች የትኞቹ እንደሆኑ ለይተው አውቀዋል። አንድ ነጥብ ሌባው ከዚያ ሊሄድባቸው የሚችላቸው ጎረቤቶች ሁሉ የሌላ አንድ ጎረቤት ነጥብም ጎረቤቶች ከሆኑ ወጥመድ ይሆናል፤ ፖሊሱ በዚያ በሌላው ነጥብ ላይ ከቆመ ሌባው የትም ቢሄድ ይያዛልና። ወጥመዶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ግራፉን ወደ አንድ ነጥብ ማድረስ ከተቻለ አንድ ፖሊስ ይበቃል፤ ካልተቻለ አይበቃም።

በ1984 ማርቲን አይግነርና ሚካኤል ፍሮም ያረጋገጡት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። መንገዶቹ እርስ በርስ ሳይቆራረጡ በወረቀት ላይ ሊሳሉ የሚችሉ ከሆነ፣ የነጥቦቹ ብዛት ሚሊዮን ቢሆንም እንኳ ሦስት ፖሊሶች ይበቃሉ። ቁልፉ ያለው አንድ ፖሊስ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን አቋራጭ መንገድ ብቻውን መጠበቅ በመቻሉ ላይ ነው፤ መንገዱ ከሁሉም አጭር ስለሆነ ሌባው ከአንዱ ጫፍ ወጥቶ ሌላ ቦታ በመግባት ፖሊሱን ሊቀድም አይችልም፣ ወደ መንገዱ በገባበት ቅጽበትም ይያዛል። ሁለት ፖሊሶች ሁለት እንዲህ ያሉ መንገዶችን ይዘው ሌባውን በመካከል ሲያግዱት፣ ሦስተኛው በውስጥ ሌላ መንገድ ይይዛል፣ ከቀደሙት አንዱም ነጻ ይሆናል፤ የሌባው ግዛት እንዲህ እየጠበበ ይሄዳል። አንዳቸውም ሌባውን በቀጥታ ሲያባርሩ አይታዩም። መንገዶቹ በድልድይ አንዱ ካንዱ በላይ የሚተላለፉ ሲሆኑ ግን ይህ ማረጋገጫ አይሠራም፣ የሚያስፈልገው የፖሊስ ቁጥርም ሊያድግ ይችላል።

ምን ያህል ሊያድግ እንደሚችል እስካሁን መልስ አላገኘም። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሜይኒየል በ1980ዎቹ ባቀረበው ግምት መሠረት፣ ከየትኛውም ነጥብ ወደ ሌላው በመስመሮቹ መድረስ በሚቻልበት ግራፍ ላይ የሚያስፈልጉት ፖሊሶች ከነጥቦቹ ብዛት ስኩዌር ሩት በአንድ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ከሚገኘው አይበልጡም፤ አሥር ሺህ ነጥብ ላለው ግራፍ መቶ ፖሊሶች በዚያ ቋሚ ቁጥር ተባዝተው ይበቃሉ ማለት ነው። ይህን ያህል ፖሊስ የሚጠይቁ ግራፎች መኖራቸው ታውቋል፤ ከዚህ የበለጠ የሚጠይቅ አንድም ግራፍ አልተገኘም። ማረጋገጫው ግን ከግምቱ እጅግ የራቀ ነው፤ በስኩዌር ሩቱ ፈንታ፣ ማለትም የነጥቦቹን ብዛት በ0.5 ርቢ ከፍ በማድረግ ፈንታ፣ በ0.99 ርቢ ከፍ ሲደረግ የሚገኘው እጅግ የላላ ወሰን እንኳ ለሁሉም ግራፎች እንደሚበቃ እስካሁን ማንም አላረጋገጠም።